የደሪቱ ግለ ሂስ

ደሪቱ ዳጪ ሰው ስታገኝ ከፊቱ በፊት የምታየው ፀጉሩን ነው። ሰላም እያለች፣ የልጆችን ደኅንነት እየጠየቀች፣ ዓይኗ ቀስ ብሎ ከግንባር በላይ ይወጣል። «የተጠማ ፀጉር ከሩቅ ይጠራኛል» ትላለች። የሰፈሩ ሴቶች በዚህ ይስቁባታል፤ ስቀው ሲያበቁ ግን ሻሻቸውን ፈትተው ከፊቷ ይቀመጣሉ።

የተወለደችው ቦሌ ቡልቡላ ነው፤ አውሮፕላን ከጤፍ ማሳው በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ላሞቹ እንኳ ቀና የማይሉበት አገር። እናቷ ቅቤ ትንጥ ነበር። ደሪቱ አግብታ ወደ ሾላ ገበያ ጀርባ ስትመጣ ይዛ የመጣችው አንድ የቀንድ ሚዶና አሥር ጣቶቿን ነው። ባሏ ሲሞትባት ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ሚዶና በእነዚያ ጣቶች ነው። ቤቷ ጠባብና ጨለማ ስለሆነ የምትሠራው ከቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ሥር፣ ቆርቆሮው ወጣ ብሎ ዝናብ ከሚከለክልበት ላይ፣ በርጩማዋን አስቀምጣ ነበር።

አሠራሯ የራሷ ነው። ሌሎቹ ሹሩባ ሠሪዎች ለጋውን ቅቤ እንዳለ ደረቅ ፀጉር ላይ ይመርጉታል። ቅቤው ይቀልጣል፣ ያብረቀርቃል፣ ሴትየዋም መስተዋት አይታ ደስ ብሏት ትሄዳለች። በሳምንቱ ፀጉሯ እንደ ጭድ ይሰበራል። ደሪቱ ግን መጀመሪያ ታጠጣለች። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከፋርማሲ የተገዛ ግሊሰሪን ጥቂት ጠብ ታደርግና ከሥሩ እስከ ጫፉ በጣቶቿ ታስገባዋለች። አትቸኩልም። ለሕፃን እሹሩሩ እንደምትል እናት እያንጎራጎረች ትጠብቃለች። ፀጉሩ ሲለሰልስ፣ እጇ ላይ ሲከብዳት፣ ያኔ ብቻ ቅቤውን በመዳፎቿ መሐል አሙቃ ከላይ ታለብሰዋለች።

«ውኃው ለፀጉሩ ነው፤ ቅቤው ውኃው እንዳይሸሽ ነው። እንግዳው ሳይገባ በር ትዘጊያለሽ እንዴ?» ትላለች፣ ተቀማጯ ከተቻኮለች።

እንዲያ የተሠራ ፀጉር ወዝ ይይዛል። ወዝ ከላይ የተቀባ ነገር አይደለም፤ ከውስጥ የጠገበ ነገር ወደ ውጭ ሲስቅ ነው።

በ፲፱፻፸፮ ነሐሴ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ዘርፌ ካኪ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ቆቧን ወደ ግንባሯ ስባ መጣች። ከደሪቱ ፊት የተቀመጡት እማማ ወለተማርያም ነበሩ፤ ግማሽ ራሳቸው ተሠርቷል፣ ግማሹ እንደ ተበተነ ነው።

«ደሪቱ፣ ይኼ ነገር ማብቃት አለበት» አለች ዘርፌ።

«የቱ ነገር?»

«ቅቤው ነዋ። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው። የቀበሌያችን ሴቶች ሰልፍ ይወጣሉ፣ አዲስ ቆብ ይታደላል። ቅቤ በቅቤ የሆነ ራስ ላይ ያ ቆብ ምን ይሆናል?»

«ይወዛል» አለች ደሪቱ።

እማማ ወለተማርያም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ቀልድ አይደለም። ቅቤ መቀባት የፊውዳል ርዝራዥ ነው። እሑድ ስብሰባ ላይ ቆመሽ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ። ተሳስቻለሁ፣ ሁለተኛ ቅቤ አልነካም ትያለሽ። ካልሆነ ቦታውን ትለቂያለሽ። ግድግዳው የቀበሌ ነው።»

«ጭንቅላቱም የቀበሌ ነው?» አሉ እማማ ወለተማርያም።

«እማማ፣ እርስዎ ይተዉ።»

«ምኑን ልተወው ልጄ፣ ግማሽ ራሴ ተበትኖ?»

ዘርፌ ፊቷን አዞረች። ቦት ጫማዋ ጭቃውን እየረገጠ ሄደ።

ግለ ሂስ ያን ጊዜ እንደ ውኃ የሚጠጣ ነገር ነበር። ሰው በስብሰባ መሐል ይነሣል፣ በገዛ አፉ ራሱን ይከሳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይቀመጣል። ብዙአየሁ፣ የደሪቱ ትልቋ ልጅ፣ እናቷን የለመነችው ይኼንኑ እያሰበች ነው። «አንዲት ቃል ናት እማዬ። ተሳስቻለሁ በያቸውና ተቀመጪ። ከዚያ ቤት ውስጥ ተደብቀሽ ትሠሪያለሽ።»

«አፌ የተናገረውን እጄ ይሰማዋል» አለች ደሪቱ። «አጥፍቻለሁ ያለ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በሚንቀጠቀጥ እጅ ቁንዳላ ይሠራል እንዴ?»

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። የዝናብ ሽታ፣ የእርጥብ ጋቢ ሽታ፣ ከሻሽ ሥር የሚሾልክ የቅቤ ሽታ። ዘርፌ ከጠረጴዛው ኋላ ደብተሯን ዘርግታ ስሟን ጠራች። ደሪቱ ተነሣች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ተሳስቻለሁ» አለች።

የዘርፌ እስክሪብቶ መሮጥ ጀመረ። ብዙአየሁ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ቡልቡላ ሙሉነሽ የምትባል ሙሽራ ነበረች። ለሠርጓ ፀጉሯን አሳምሪ ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቅ ፀጉሯ ላይ ቅቤ መረግኩባት። ውኃ አላጠጣኋትም። የሠርጉ ዋዜማ ሚዶዬን ባስገባው ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ እየተሰበረ ወጣ። ሻሽ አስሬ ሸፍኜ ዳርኳት። ጓዶች፣ ጥማቱን ከነሕመሙ ከድኜዋለሁ። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ ሁለተኛ አልደገምኩትም፣ አልደግመውምም።»

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ሳቁ እንደ እሳት ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ዘለለ።

ዘርፌ ጠረጴዛውን መታች። «ስለ አሠራር ማን ጠየቀሽ? ጥያቄው የአመለካከት ነው። ቅቤ የመሳፍንት መቀማጠያ ነው።»

«የመሳፍንቱን ቅቤ የናጠችው እናቴ ናት» አለች ደሪቱ። ድምጿ አልጮኸም፤ ዝቅ ነው ያለው፣ ለዚህም ነው ሁሉም አንገቱን ያሰገገው። «ንጣ ስታበቃ ወደ ባለርስቱ ቤት ይሄዳል። እሷ በቅሉ ላይ የቀረውን በጣቷ ጠርጋ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እያለች የእኔን አናት ትነካኝ ነበር። የራሷ አናት ግን እንደ ደረቀ ተቀበረች። መሬት ላራሹ ስትሉ እልል ብያለሁ። መሬቱ ላራሹ ከሆነ ቅቤውስ ለናጯ አይደለም?»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ቀጠለች።

«ደግሞ በየስብሰባው ወዝአደር፣ ወዝአደር ትሉናላችሁ። ወዝ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይነሣ፣ እኔ ልቀመጥ።» ዓይኗ እንደ ልማዱ ወደ ላይ ወጣ፤ የዘርፌ ቆብ ላይ ዐረፈ። «ያንቺም፣ ጓድ ዘርፌ፣ ከጆሮሽ በላይ ያለው እየተበጣጠሰ ነው። የፀጉር መተኮሻው ካውያ ነው የጎዳሽ። ስድብ እንዳይመስልሽ። ነይና ላጠጣልሽ።»

የዘርፌ እጅ ሳታስበው ቆቧን ያዘ። ፊቷ ቀላ። «ደሪቱ ዳጪ ቦታውን እንድትለቅ የምትደግፉ፣ እጅ አውጡ» አለች።

በዚያ አዳራሽ እጅ ለመውጣት ጥያቄው እስኪያልቅ ጠብቆ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን እጆች ሁሉ ነጠላ ሥር ገቡ። የወጣው የዘርፌ እጅ ብቻ ነው፤ እሱም ብቻውን መሆኑን ሲያይ ቆብ የሚያስተካክል መስሎ ወረደ። ደብተሩ ላይ ግን የተጻፈው «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የሚል ነበር።

ሰኞ ጠዋት የአብዮት ጥበቃው ገረመው መጣና በርጩማውን አነሣ።

«ታዝዤ ነው እታለም» አለ ወደ መሬት እያየ።

«አውቃለሁ። ጠንቀቅ ብለህ ያዘው፣ አንዱ እግሩ ይነቃነቃል» አለችው።

ሳምንቱን ሙሉ የግድግዳው ሥር ባዶ ነበር። ግን ከቦኖ ውኃ ወረፋው ላይ፣ ማን እንዳወጣው የማይታወቅ ግጥም፣ ከአፍ ወደ አፍ በለሆሳስ ይዜም ጀመር፦

ውኃ ሳታጠጪ ቅቤ አትቀቢኝ፣
ደርቄ እያየሽኝ ወዝአደር አትበይኝ።

ጥበቃዎቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉ ነበር። ስለ ፀጉር ነው ብትባል ምን ትላለህ?

ቅዳሜ ደሪቱ ከሾላ ለጋ ቅቤ በኮባ ቅጠል አስጠቅልላ ከብዙአየሁ ጋር መጣች። ወደ አዳራሹ አልሄደችም፤ ከመንገዱ ማዶ፣ በእማማ ወለተማርያም አጥር ሥር ቆመች። መቀመጫ የላትም። የውኃ ጣሳዋን መሬት አስቀምጣ ዙሪያዋን ድንጋይ ስትፈልግ፣ እማማ ወለተማርያም በርጩማቸውን በብብታቸው ይዘው ከበሩ ወጡ። ቀጥሎ ከላይኛው መንደር አንዲት ልጅ እግር ሴት ዱካ ተሸክማ ወረደች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። በጠራራ የጠዋት ፀሐይ፣ በአዳራሹ በር ፊት ለፊት፣ ሴቶቹ መቀመጫቸውን እንደ ታቦት ተሸክመው እየመጡ አጥሩን ተከትለው ተደረደሩ። ማንም አልጮኸም፤ መፈክርም አልነበረም። ሻሽ ብቻ ይፈታል።

ዘርፌ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆማ አየቻቸው። ልትሻገር አንድ እግሯን መንገዱ ላይ አወረደችና መለሰችው።

«ደሪቱ» ብላ ተጣራች ከማዶ። «ተወስኗል እኮ።»

ደሪቱ ጣቶቿን ለብ ባለው ውኃ ነክራ የእማማ ወለተማርያምን አናት ማርጠብ ጀምራ ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለች፣ እጇን ሳታቋርጥ። «ነይ ብዙአየሁ፣ ቅጠሉን ፍቺልኝ።»