ከሩጫ መልስ ሽምግልና

ተከስተን ሰው ሁሉ ሯጭ ይለዋል። እኔ ግን አብሮ አደጉ ስለሆንኩ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ተከስተ ሯጭ አይደለም። እንዲህ የሚባል ሙያ ካለ፣ ተከስተ አገጋሚ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኅዳር ላይ፣ ከተማው አንድ ዓይነት ከነቴራ ለብሶ መስቀል አደባባይን በሚያጥለቀልቅበት እሁድ እሱም ይወጣል። አስር ኪሎ ሜትሩን ግማሹን ይራመደዋል፣ ሩቡን ይጨፍርበታል፣ በቀረው ላይ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ እስከ ሐሙስ ያገግማል።

ለሩጫው ልምምድ ሲያደርግ ያየው ሰው የለም። ለማገገሙ ግን ከመስከረም ጀምሮ ነው የሚዘጋጀው። ጨው ይገዛል፣ ከፋርማሲ ዓይን የሚያስለቅስ ቅባት ያመጣል፣ እግሩን የሚዘፈዝፍበትን ሳፋ አጥቦ በረንዳው ላይ ፀሐይ ያስመታል። ባለቤቱ መድኃኒት አንድ ቀን፣ "ሳፋ ምን ሆኖ ነው ፀሐይ የሚሞቀው?" ብትለው፣ "እሱም ሊደክም ነው እኮ፣ ትንሽ ይረፍ" አላት። ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ ስለ ጡንቻ ሲያወራ ሰምቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚበላው ሁሉ ፕሮቲን ሆኗል። ክትፎውም ፕሮቲን ነው፣ ሽሮውም ፕሮቲን ነው፣ ማታ የሚጠጣት ቢራ እንኳን አልቀረላትም። "ሩጫውማ የአንድ ጠዋት ነገር ነው" ይላል። "ጥበብ የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።"

ቤቱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከሩጫው ማግስት ጭኑ ደረጃ በፊት ለፊት መውረድን ስለማይቀበል ወደ ኋላ ዞሮ ነው የሚወርደው። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ጀርባው ሲመጣ ሲያዩ ሩጫው እንዳለፈ ያውቃሉ። የመጸዳጃ ቤቱ በር እጀታ ላይ ቀበቶ ያስርና እሱን ይዞ ቀስ እያለ ቁጭ ይላል። ደምበል አካባቢ ያለው የመጋረጃ ሱቁ ሰኞ ተዘግቶ ይውላል፣ በሩ ላይም "ሱቁ በማገገም ላይ ነው" የሚል ወረቀት ይለጠፋል። አንዲት ደንበኛው ደውላ እግዜር ይማረው ብላለች።

እኔ በዚህ ሁሉ ስስቅ ነው የኖርኩት። ሰው ማንም ሳያባርረው ለምን እንደሚሮጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዘንድሮ ግን ነገሩ እኔንም ነካኝ።

የተከስተ የእህቱ ልጅ አሉላ የእኔ የክርስትና ልጅ ነው። አሉላ ሎሚ የምትባል የካዛንቺስ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ለእሱ ሽማግሌ ሆነን የሄድነው ሦስት ነን፤ እኔ ገብረዋህድ፣ አጎቱ ተከስተ፣ እና ንግግር የሚያውቁልን ጋሽ ሊካሳ። በመጀመሪያው ጊዜ የሎሚ አባት አቶ ለታ እንደ ወጉ "ዘመድ ላማክር" ብለው ቀጠሮ ሰጡን። ይሄ ያለ ነው፤ ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አቶ ለታ ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወርቄን ቀና ብለው ያዩ ነበር፤ ወይዘሮ ወርቄ ደግሞ ብቸኛ ልጃቸውን ለመስጠት ምንም አልቸኮሉም። ቢችሉ ኖሮ በቀጠሮ ብቻ ያስረጁን ነበር።

እኛ ደግሞ ጊዜ አልነበረንም። አሉላን መሥሪያ ቤቱ የካቲት ላይ ወደ ጅግጅጋ ያዛውረዋል። ጥር ላይ ካልተጋቡ እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ ሊቀሩ ነው። ልጁ ይህንን ሲነግረኝ ዓይኑ ፈዞ ነበር። ቀጠሯችን የሩጫው እሁድ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ስንሰማ ሁላችንም ተከስተን አየነው። ተከስተ ትንሽ ጠቆረና፣ "ዘንድሮ አልሮጥም። የእህቴ ልጅ ይበልጥብኛል" አለ። እጁን ጨብጬ አመሰገንኩት። እንግዲህ እኔም ሞኝ ነኝ።

እሁድ ከጋሽ ሊካሳ ጋር ካዛንቺስ አስፋልቱ ዳር ቆመን ስንጠብቀው አንድ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመ። ከበሩ መጀመሪያ የወጣው የሰው መቀመጫ ነው። ሰውየው ወደ ኋላ፣ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚወርደው። ረዳቱ፣ "ፋዘር፣ ሰው እኮ በፊቱ ነው የሚወርደው" አለው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን ማየት አላስፈለገኝም።

"ሮጠሃል" አልኩት።

"ለማየት ብቻ ነበር የሄድኩት" አለ ተከስተ ክራቫቱን እያስተካከለ። "ማለቴ፣ በቃ፣ ዳር ቆሜ ልመልከት ብዬ። ከዚያ ሙዚቃው ተጀመረ።"

"ድሮስ እየተራመድክ አይደል እንዴ የምትጨርሰው? ዛሬ ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የተሰበርከው?"

"ዛሬ የምሬን ሮጥኩ ገብሬ። ለቀጠሯችን እንዳልዘገይ ብዬ።"

ተከስተ ሳፋ ውስጥ አልገባም፣ አልታሸም፣ ፕሮቲንም አልቀመሰም። ያላገገመ ሽማግሌ ይዘን ልጅ ልንጠይቅ ነበር። እሱ ግን፣ "ሽማግሌ የሚሠራው በአፉ ነው፤ እግር ምን ያደርግለታል" ብሎ አጽናናኝ።

የአቶ ለታ ግቢ ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ከተረፉት አንዱ ነው። ሳሎን ስንገባ አቶ ለታ ጥግ ላይ ካለው ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ከአንገታቸው እስከ ወለሉ ድረስ ጋቢ ተጠቅልለዋል። ከወገባቸው ጎንበስ አሉ እንጂ አልተነሱም። ሽማግሌ ሲገባ አለመነሳት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ጋሽ ሊካሳ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ። ወይዘሮ ወርቄ ግን ቶሎ ብለው፣ "ይቅርታ አድርጉላቸው። ጠዋት ቅዳሴ ቆመው እግራቸው አብጧል" አሉ። ቅዳሴ ላይ መቆም ደግሞ አያስወቅስም፤ አለፍነው።

ቤቱ ያንን ዓይን የሚያስለቅስ ቅባት ይሸታል። ወደ ተከስተ ጠጋ ብዬ፣ "ተቀብተህ ነው እንዴ የመጣኸው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"አልተቀባሁም። ለክብር ስል ተውኩት" አለኝ። አላመንኩትም።

አቶ ለታ "አረፍ በሉ" ሲሉን ጋሽ ሊካሳ፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ወጉ ነው፣ ግን ጋሽ ሊካሳ ወግ ሲጀምሩ ከአዳምና ከሔዋን ነው የሚጀምሩት። ኖኅ ላይ ሲደርሱ የተከስተ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። አብርሃም ላይ ሲደርሱ ተከስተ እጁን ሰዶ መጋረጃውን ጨበጠ። ሙያው ስለሆነ ጨርቅ የሚመረምር ይመስል ነበር። ወይዘሮ ወርቄም መጋረጃቸው በመታየቱ ትንሽ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። በስተመጨረሻ ስንቀመጥ የሚይዘው ቀበቶ አልነበረውምና ተከስተ ሶፋው ላይ እንደ ጤፍ ጆንያ ወደቀ። ሶፋው ለስላሳ ነበር፣ ዋጠው።

አቶ ለታ ሚስታቸውን ቀና ብለው አዩና ተናገሩ። "ወንድሜ ከአምቦ አልደረሰልኝም። ጾሙም ሊገባ ነው። ከገና በኋላ ብቅ ብትሉ እንነጋገራለን።"

ከገና በኋላ መነጋገር ከተጀመረ፣ እስኪደገስ ጥር ሄደ ማለት ነው። የአሉላ ፊት ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ግን ሽማግሌ ቀጠሮ ሲሰጠው ይነሳል እንጂ አይከራከርም። ጋሽ ሊካሳ በረጅሙ ተንፍሰው ተነሱ፣ እኔም ተነሳሁ። ተከስተ አልተነሳም።

"ተነስ እንጂ" ብዬ ትከሻውን ነካሁት። ራሱን ነቀነቀ። ልክ ሊነሳ ሲል ሕመሙ ባቱን ጨምድዶ ይዞታል፤ ጥርሱን ነክሶ መጋረጃው ላይ አፍጥጧል። አቶ ለታ፣ "ምነው አቶ ተከስተ?" ቢሉትም አልመለሰም። አፉን ቢከፍት ጩኸት እንጂ ቃል እንደማይወጣው ከገጹ አየሁ። ከዚያ እንባው በሁለቱም ጉንጩ ላይ ወረደ።

ወይዘሮ ወርቄ የያዙትን ትሪ አስቀመጡ።

"ለታ፣ ሰውየው እያለቀሱ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ እኮ የፈራሁት ልጄ ደረቅ ቤት እንዳትገባ ነው። ወንድ ለእህቱ ልጅ ብሎ ሰው ቤት ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።" በነጠላቸው ጫፍ የራሳቸውን ዓይን ጠረጉ። "በቃ ስጣቸው። ጥር ይሁን።"

አቶ ለታም፣ "እሺ፣ ሰጥተናል" አሉ።

እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። እንባው የባት እንባ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አፌን ዘጋሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጋሽ ሊካሳ ግን ወግ አያጎድሉም። "እንግዲህ ቆመን እንመርቅ። የልጅቱ አባት፣ የልጁ አጎት፣ ተነሱ" አሉ።

ሁለቱም አልተነሱም።

"እርስዎ ይቅደሙ" አለ ተከስተ።

"ኧረ እርስዎ እንግዳ ነዎት" አሉ አቶ ለታ።

"ለታ፣ ምርቃት እኮ ነው" አሉ ወይዘሮ ወርቄ።

አቶ ለታ የሶፋውን ክንድ ተደግፈው፣ እያቃሰቱ፣ ግማሽ ድረስ ተነሱ። ጋቢው ተንሸራተተ። መጀመሪያ ከታች የታየው ሳፋ ነው፤ ሁለቱም እግራቸው ውሃ ውስጥ ነበር። ይሄንን ወይዘሮ ወርቄ ያውቁ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ በጋቢ የሸፈኑት እሳቸው ናቸው። የማያውቁት ከላይ ያለውን ነው። ከላይ ብርቱካናማ ከነቴራ ነበር፣ የሯጭ ቁጥሩ ደረቱ ላይ እንደተሰካ። አንገታቸው ላይ ያጠለቁት ሜዳሊያ ደግሞ ሲያጎነብሱ ወልቆ ሳፋው ውስጥ ጥልቅ አለ።

"ቅዳሴው ይሄ ነው?" አሉ ወይዘሮ ወርቄ።

"ሲያልፍ ልነግርሽ ነበር" አሉ አቶ ለታ ተመልሰው እየተቀመጡ።

ተከስተ ባቱንም፣ እኛንም፣ የመጣበትንም ጉዳይ ረሳ። "በስንት ገቡ?" ብሎ ጠየቀ።

የአቶ ለታ ፊት በራ። "ዳገቱ ላይ ነው የተበላሸብኝ እንጂ ጥሩ እየሄድኩ ነበር።"

"ዳገቱ ማንን ያልገደለ አለ። ውሃው ላይ ጨው ነው ያደረጉበት?"

"ጨውና ዝንጅብል።"

"ዝንጅብል ሳፋ ውስጥ" አለ ተከስተ። እኔን በሕይወቱ እንደዚያ በአክብሮት አይቶኝ አያውቅም።

ወይዘሮ ወርቄ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። "እርስዎም ሮጠዋል ማለት ነው አቶ ተከስተ።"

"አዎ።"

"እንግዲያው ያ እንባ የልጁ ነው ወይስ የእግርዎ?"

እንዲዋሽ በልቤ ለመንኩት። ሰጥተናል የተባለው ሁሉ በዚህች ጥያቄ ሊመለስ እንደሚችል ሴትዮዋን ያየ ሁሉ ያውቃል። ተከስተ ግን ከመቼውም ጊዜ በላይ አሰበ።

"እውነቱን ልንገርዎ" አለ። "የግራ ዓይኔ ለእግሬ ነው ያለቀሰው። የቀኙ ግን… እኔ እኮ የምሬን ሮጬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፣ ገብሬም ይስቅብኛል። ዛሬ ግን ለልጁ ቀጠሮ እንዳልዘገይ ብዬ ያንን ዳገት ሳልቆም ወጣሁት። ከዚያ ከገና በኋላ ኑ ስትሉን፣ ያ ሁሉ በከንቱ ሆነብኝ። የቀኙ ለአሉላ ነው።"

ወይዘሮ ወርቄ ወደ ኩሽና ገቡ። አቶ ለታ፣ "አለቀልን" አሉ በሹክሹክታ። ጋሽ ሊካሳ ለመውጣት ኮፍያቸውን አነሱ። እኔ ለአሉላ በምን አፌ እንደምነግረው ማሰብ ጀመርኩ።

ሴትዮዋ ሲመለሱ እንፋሎት የሚወጣበት ማንቆርቆሪያ ይዘው ነበር። በእግራቸው ገፋ እያደረጉ ሳፋውን በሁለቱ ሶፋዎች መካከል አመጡት፤ አቶ ለታም እግራቸውን ከውሃው ሳያወጡ ከነሶፋቸው ዞሩ።

"ጫማዎን ያውልቁ" አሉት ተከስተን።

ተከስተ ጎንበስ ማለት ስላልቻለ ጫማውንም ካልሲውንም ያወለቅኩለት እኔ ነኝ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። በእርግጥም የምሩን ሮጧል። እግሩን ከአቶ ለታ እግር አጠገብ አስገባሁለት፤ ወይዘሮ ወርቄም እያማሰሉ ሙቁን ውሃ ጨመሩበት።

"አቃጠላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው አላቃጠለንም አሉ። "የሚመጣው ዓመት ስትሮጡ ቀድማችሁ ንገሩኝ። ውሃ ጥጄ እጠብቃለሁ።"

ጋሽ ሊካሳ ተቀምጦ የሚመረቅ ሰው አይተው እንደማያውቁ ካጉረመረሙ በኋላ፣ ሳፋው ላይ ከዘራቸውን ዘርግተው መረቁን። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አሜን አልኩ። ሳፋው ትንሽ ሰፋ ቢል ኖሮ፣ ሳልሮጥም ቢሆን፣ ጫማዬን አወልቅ ነበር።