እንደ በሶ የጨበጥኩት የመታጠቢያ ኳስ

ከወረታ የወጣሁ ሌሊት እናቴ ራሴን ለጋ ቅቤ ቀብታ ነው የሸኘችኝ። «እማ፣ መንገድ ላይ ይቀልጣል» ብላት «ይቅለጥ! ቅቤ ቀልጦ ማንን ጎዳ?» አለች። ያን ሰሞን መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነበርና፣ ተከፈተ ሲባል ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ባሕር ዳር ስንደርስ ቅቤው ወርዶ ኮሌታዬን አርሶታል። ከጎኔ የተቀመጡ ቄስ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ወዴት ነው መንገዱ፣ ልጄ?» አሉኝ። ጀርመን፣ አዛውንት እየጦርኩ ሙያውን ልማር ስላቸው «የኛን አዛውንትስ ለማን ትተሽ?» አሉ። ተናደድኩ። ይህን ስጽፍላችሁም ንዴቱ ጨርሶ አልወጣልኝም።

ስለ ጀርመን ብርድ ብዙ ሰው ነግሯችኋል። ድርቀቱን ግን ማንም አልነገራችሁም። የፎገራ ክረምት ሰውን እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያከርማል፤ ሩዝ ስናርም ውለን እግራችን የሬሳ እግር መስሎ ነው የምንገባው። እዚህ ክረምት ማለት ውጭው በረዶ፣ ቤቱ በማሞቂያ የጋለ፣ አየሩ ከሰው ላይ ወዝ መጥጦ የሚጨርስ ነው። እኔ ደግሞ በምሠራበት የጡረተኞች ቤት አንዱን አዛውንት አንስቼ ሌላውን ሳስቀምጥ በየመሀሉ እጄን በሳሙናና በአልኮል እታጠባለሁ። እጄ መጀመሪያ አመድ መሰለ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ በየመገጣጠሚያው ደም ጀመረው።

የክፍሉ ኃላፊ አንድ ቀን ጠራኝ።

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

አሳየሁት።

«በዚህ እጅ አዛውንት አይነካም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዳነ ሌላ ሙያ ማሰብ አለብዎት።»

«ሌላ ሙያ ማለት ሌላ ቪዛ ማለት ነው» አልኩት።

«የቪዛ ነገር የእኔ ክፍል አይደለም» አለና ትሕትና በተሞላ ድምፅ በሩን ከፈተልኝ።

ይኸውላችሁ፣ ያን ያህል አገር አቋርጬ መጥቼ፣ ቋንቋውን ምላሴ እስኪታሰር ተምሬ፣ መቅረቴና መመለሴ በእጄ ቆዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አልመለስም አልኩ። በእከክ ተባረረች ሊባልልኝ? እሞታታለሁ እንጂ!

ለእናቴ ደወልኩላት። ስትሰማ ድምፅዋ ፈካ። «እንዲያ ከሆነማ ነይ፣ ዓለሜ። ወንዛዬ እንወርዳለን። እዚያ ፍል ውሃ ሱባዔ ያህል ብትነከሪ እንኳን እጅሽ ነፍስሽም ይታደሳል።»

«እማ፣ ከመጣሁ መመለሻ የለኝም።»

«አወይ፣ እኔስ እሱን መች አጣሁት» አለች።

ወንዛዬ ካልሄድኩ ፍል ውሃውን እዚሁ ላመጣው ነው ብዬ ተነሣሁ። የመሥሪያ ቤቴ ሐኪም ቅባትና የጥጥ ጓንት ሰጥቶኝ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ለገና ቡጢ የምታህል ኳስ ሰጠችኝ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትጣል እየተንቸፈቸፈች ትሟሟና ዘይቷን ለቃ ቆዳ ታለሰልሳለች። ማሸጊያዋን አነበብኩት፤ እኛ ቤኪንግ ሶዳ የምንለው እነሱ ናትሮን የሚሉት፣ የማንቆርቆሪያ የኖራ ቅርፊት የሚያስለቅቁበት ሲትሪክ አሲድ፣ ስታርችና ዘይት። ሁሉም ሰፈር ሱቅ አለ። እኔው እሠራዋለሁ አልኩ።

የቀረው የሚነከሩበት ነበር። ወደ አከራዬ ወደ ፍራው ሃንከ፣ ወይዘሮ ሃንከ እንደ ማለት ነው፣ ወረድኩ።

«ምድር ቤት ያለውን የገላ ገንዳ በሳምንት አንድ ቀን ልጠቀምበት?»

«ገንዳው በኪራይ ውልዎ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ማን ይታጠብበታል?»

«ማንም። ለዚህ እኮ ነው ንጹሕ የሆነው።»

ይህን ሁሉ እርስዎ እያለች ነው የምትናገረው። በኛ አገር እርስዎ ያለሽ ሰው ሊነሣልሽ ይቃጣዋል፤ እዚህ እርስዎ ብሎም ያስወጣሻል። ወጣሁና ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ገዛሁ። ሳፋ በውሉ አልተከለከለም።

በስታርቹ ፈንታ የሩዝ ዱቄት አደረግሁ፤ የሩዝ አገር ልጅ ሆኜ ስታርች አልገዛም። ከዚያ እጄ የለመደውን ሠራ፤ ውሃ ከላዩ አፍስሼ እንደ ሊጥ ላቦካው ጀመርኩ። ምን ልበላችሁ፣ ከጎድጓዳው ገንፍሎ ጠረጴዛውን አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ። አሲዱ የተሰነጠቀ እጄን ሲያገኘው እሪ አልኩ። ፍራው ሃንከ በሩ ላይ ብቅ ብላ «ይህ ምግብ ነው?» አለች። «አይደለም፣ መድኃኒት ነው» ስላት «እንግዲያው መድኃኒትዎ እየሸሸ ነው» ብላ ሄደች።

ማታ ለእናቴ እያለቃቀስኩ ነገርኳት።

«ስሙ ማነው ይኸ ነገር?»

«እዚህ የመታጠቢያ ቦምብ ነው የሚሉት።»

«ዝም በይ! በስልክ እንዲህ ያለ ነገር ይጠራል? ልታስጨርሺን ነው?»

ከዚያ ወዲህ በኛ ቤት ስሙ ኳስ ነው። ያን ማታ ግን ምንም ሳልጠይቃት «ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ ሆዴ» አለች። «ውሃ የሚያስቆጣው ከሆነ ምን ውሃ አስነካሽው? የስንቅ በሶ እንዴት ነው የምንጨብጠው? ቅቤ አቅልጠሽ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ፣ በጭብጥሽ ጥብቅ!»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ጨው የሌለው የሱቅ ቅቤ አቀለጥኩ፣ የወይራ ዘይት ጨመርኩበት፣ አሲዱን ቀነስኩ፣ ጓንት አጠለቅሁ። በጭብጤ ስይዘው ያዘ፤ በሻይ ኩባያ ጠቅጥቄ ገለበጥኩትና አደረ። ቅቤው ቶሎ ይሻግታልና፣ የምትሞክሩ ትንሽ ትንሽ ብቻ ሥሩ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሳፋው ውስጥ ጣልኩት። ተንቸፈቸፈ። ውሃው ነጣ፣ ወዝ ተንሳፈፈበት፣ ክፍሉ እናቴ እናቴ ሸተተኝ። እጄን ነክሬ እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቅባቱም ጓንቱም ረድቶኛል፤ ሐኪሙን አላማውም። ብቻ ማታ ማታ ሳፋዬ ላይ ስቀመጥ ማንንም አልለምንም ነበር። ስንጥቁ ገጠመ። ወሩ ሲያልቅ ኃላፊው እጄን ገልብጦ ገላብጦ አየና «ምን ተጠቀሙ?» አለ።

«ቅቤ።»

«ቅቤ?»

«የፎገራ ላም ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ይድን ነበር» አልኩት። አልሳቀም። «ሥራዎን ይቀጥሉ» አለኝ።

ከበሩ እንደወጣሁ በቪዲዮ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የእናቴ ፊት መጣ። ሁለት እጄን ካሜራው ላይ ደቀንኩ። «እይው እማ፣ ድኗል! ቀጥዪ ብለውኛል!»

እልል ትላለች ብዬ ነበር። ስክሪኑ የቆመ መስሎኝ ስልኩን ነቀነቅሁት። አልቆመም፤ እጄን እያየች ነው።

«ተመስገን» አለች በመጨረሻ። «ተመስገን፣ ዓለሜ። እንግዲያ አትመጪም በይኛ።»

«አልመጣም፣ እማ» አልኳት። ድምፄ እንዳይሰበር ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ስልኩን ግን እኔም አልዘጋሁት፣ እሷም አልዘጋችው።