ማሪሶል ያልተናገረችው

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ እማዬ ቴሌቪዥኑን አላጠፋችም። ሻንጣዬ ናዝሬት ቤታችን በር ላይ ቆሟል፤ እሷ ወደ አማርኛ የተመለሰውን የሜክሲኮ ድራማ እያየች ታለቅሳለች። ለእኔ ይሁን ለድራማው ሙሽራ እስካሁን አላውቅም። እኔም ላቲኖ ማለት ሁሉም ባለ ፎቅ ቤት፣ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚጣላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በዲቪ ሎስ አንጀለስ ገብቼ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ስቀጠር፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ ያገኘኋት ማሪሶል የኤልሳልቫዶር ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙም አያንስም። «ቶሎ በይ እህቴ፣ ሽሮው አረረ» ብላ በአማርኛ ተቀበለችኝ። ፎቅም ደረጃም የላትም።

በዕረፍቷ ቀን ፊልም ላይ ኤክስትራ ትሆናለች፤ ከኋላ የሚያልፍ፣ የማይናገር ሰው ማለት ነው። ስንት ዓመት ምንጣፍ ጠርጋለች፣ አልጋ አንጥፋለች፣ የሰው ሬሳ ላይ አልቅሳለች፤ አንድ ቃል ግን አልሰጧትም። «ከተናገርሽ ተዋናይ ነሽ፤ ካልተናገርሽ ወንበር ነሽ» ትለኛለች።

ሶ፣ ዘንድሮ ሰጧት። የሜክሲኮ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ልጁ ሊሰደድ የመጨረሻውን እራት ሲቀመጥ፣ እናት ሆና የምትጫወተው ማሪሶል «ሂድ ልጄ፤ ደጁን አልዘጋውም» ትለዋለች። ይህንኑ ቃል ሽንኩርት ስትከትፍ ትለዋለች፣ ድስት ስታጥብ ትለዋለች፣ እኛም በስፓኒሽ ሸመደድነው። አክስት የምትሆን ሴት ጎድላቸው ኖሮ እኔንም ይዛኝ ሄደች።

ቀረጻው ቦታ ስንደርስ መዝጋቢዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ከየት ነሽ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም።»

«ዛሬ ከሜክሲኮ ነሽ። ፀጉርሽን አትንኪው፣ ጥሩ ነው።»

የእራቱ ምግብ አደንጓሬና ቶርቲያ ነው፤ ቶርቲያ እንደኛ ቂጣ ሆኖ ጨው የጎደለው ነገር። ስደተኛውን የሚጫወተው ጎረምሳ አጠገቤ ተቀምጦ ትክዝ ብሏል፣ ምግቡን አይነካም። እንዲተክዝ ታዞ መሆኑን ረሳሁት። እጄ ቀደመኝ፤ አደንጓሬውን ጠቅልዬ አጎረስኩት። አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኩለት።

ዳይሬክተሩ «ካት» አለ። አለቀልኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሰውየው ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወደ ማሪሶል ዞሮ «እናንተ ዘንድ እንዲህ ታደርጋላችሁ?» አላት።

ማሪሶል ጉርሻን ከምግብ ቤታችን ጓዳ በር ስታየው ኖራለች። የማን እንደሆነ ከእኔና ከእሷ በቀር እዚያ የሚያውቅ የለም። አየችኝ። እንዳያባርሩኝ ብላ፣ «አዎ፣ አያቴ እንዲህ ታደርግ ነበር» አለች።

«እንግዲያ ንግግር ምን ያደርጋል? የአክስትየዋ እጅ ሁሉን ተናገረ። የእናትየውን ቃል አውጡት» አለ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ይሄ የእኛ ነው፣ የሷን ቃል መልሱላት ማለት ነበረብኝ። እንግሊዝኛው አልጠፋኝም። ካሜራው እጄን ሊቀርጽ ተጠግቶኝ ነበር፤ ሌላ ጉርሻ ጠቀለልኩ። ያንኑ ስንደጋግም ዋልን። እኔ ሳጎርስ፣ ማሪሶል ከማዶ ሳህን ስታነሳ።

ስንመለስ ድራይቭ የምታደርገው እሷ ነበረች።

«ተቆጪኝ» አልኳት።

«ለምን? ቆንጆ ነበር።» መብራት ይዞን ስንቆም ወደ እኔ ዞረች። «እኛ አገር ግን ጎረምሳ እንደ ሕፃን አይጎርስም። ልጆቼ ሲያዩት ይስቁብኛል።»

በነጋታው ጓዳ ስገባ ያው «ቶሎ በይ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አምባሻ ገዝቼ ሰጠኋት፣ ሳህን በእሷ ተራ አጠብኩ። ምን ዋጋ አለው፣ የወሰድኩባት ሌላ። ለዳይሬክተሩ ልንገረው እላለሁ፤ ስልኩን እፈልግና ደግሞ እተወዋለሁ። እጄ ከፊልሙ እንዲወጣ አልፈልግም። እውነቱ ይሄ ነው።

እሑድ እማዬ ደወለች። ቀረጻው ላይ የተነሣነውን ፎቶ ልኬላት ለቸርች ሰው ሁሉ አሳይታዋለች።

«ይቺ ከጎንሽ ያለችው ማናት?»

«ማሪሶል። ሥራውን ያስገኘችልኝ።»

«ጌታ ይባርካት። ለእሷስ ምን ብዬ ልጸልይ?»

«እንድትናገር በይ።»

«ውይ፣ ዲዳ ናት እንዴ?»

ላስረዳት አፌን ስከፍት እማዬ ጀምራዋለች። «ኢየሱስ ሆይ፣ የዚችን ሴት አንደበት ያሰረውን…» ትላለች፣ ድምጿ እየጋለ።

ማን እንዳሰረው አውቃለሁ። «አሜን» አልኩ።