አዳለጠው የተባለው ጅረት

ከደብረ ሲና ተድሬ ወደ ሮቢት ቆላ የወረድኩት በጣሊያን ጊዜ ነው። ከሙቀቱ ይልቅ ያስቸገረኝ የቦታው ስም ነበር። አንዱን ጉብታ የባሌ ዘመዶች በአንድ ስም፣ የአርጎባ ሽማግሌዎች በሌላ ስም ይጠሩታል። ባሌ ምሳ አድርሺልኝ ብሎ የማሳውን ስም ሲነግረኝ፣ ተሳስቼ የሰው ማሳ ውስጥ እገኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ውሃ ልንቀዳ ወርደን ሳለ፣ ካርታ የሚሠራ ጣሊያን ከቱርጁማኑ ጋር ጅረቱ ዳር መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጠን ቁጥቋጦ ውስጥ እንደበቅ ነበር። ያን ቀን ግን አማቴ የባሌ አባትና ጎረቤታችን ሼሁ አብረውት ስለነበሩ አንገታችንን ደፍተን ቆምን።

ቱርጁማኑ የጅረቱን ስም ጠየቀ።

«ጥምቀተ ባሕር ነው» አሉ አማቴ። «ታቦቱ የሚያድረው እዚህ ነው።»

«ወላሂ፣ የውዱእ ውሃ ነው!» አሉ ሼሁ። «አባቶቻችን ለሶላት የሚታጠቡት ከዚሁ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ ዛሬ ምን ነካዎት?»

«እርስዎንስ?»

ሁለቱ ወዳጆች በትራቸውን እየወዘወዙ ተከራከሩ። ጣሊያኑ አንድ ስም ብቻ ነበር የፈለገው። ሰለቸውና ማዶውን ሊያይ ውሃው መሃል ያለውን ድንጋይ ረገጠ። ያ ድንጋይ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቀለ፣ የሚያሟልጭ ነው፤ እኛ እንኳ በጥንቃቄ ነበር የምንረግጠው። ጣሊያኑ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ዘፍ አለ፤ ባርኔጣው በውሃው ሄደ።

«አዳለጠው!» ብዬ ጮህኩ። አፌን በነጠላዬ ብይዝም ጊዜው አልፎ ነበር።

ጣሊያኑ ውሃው እየተንጠባጠበ ተነሥቶ አፈጠጠብኝ። «ምን አለች?» ብሎ እንደጠየቀ ከፊቱ ገባኝ።

ሼሁ ፈጠን ብለው «የጅረቱን ስም ነው የነገረችው» አሉ። «ሴቶቹ አዳለጠው ነው የሚሉት።»

«አዎን፣ አዳለጠው ነው» አሉ አማቴም፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

ቱርጁማኑ ከንፈሩን ነክሶ ተረጎመ። ጣሊያኑ ካርታውን ከቱርጁማኑ ተቀብሎ ጻፈ።

ከሄዱ በኋላ አማቴ «ልጄ፣ ከኛ ከሁለታችን ይልቅ አንቺ ስም አወጣሽለት» ብለው ሳቁ። ሼሁ ኩታቸውን ሰብስበው ጣሊያኑ እንዴት እንደወደቀ ሊያሳዩን ሲሞክሩ፣ ራሳቸው ሊወድቁ ሲሉ አማቴ ደገፏቸው። በሳምንቱ የገበያው ሰው ሁሉ ጅረቱን አዳለጠው ይለው ጀመር። ያን ቀን ግን ሳቄ ስላላቆመ የተሸከምኩት እንስራ ግማሹ ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ፤ እየሳቅሁ እንደገና ልቀዳ ተመለስኩ።