ጫፉ የተቆረጠው ብረት

ብየዳ ላይ ሠላሳ ዓመት የቆየ ሰው ነው። ሥራው ዝንፍ ስለማይል ሰው ሁሉ «ቱምቢ» ይለዋል፤ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለኩባት ያቺ በክር የምትንጠለጠል ክብደት። ስሙ ሲጠራ ለምን እንደሚሸማቀቅ ግን አራት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ሁለት ዓይነት ተሸካሚ ብረት መጣ። ቁመቱም ውፍረቱም አንድ፣ ጥንካሬው ግን ለየቅል። የሚለየው ጫፉ ላይ በተቀባው ቀለም ብቻ ነበር፤ አረንጓዴው ከባድ ጭነት የሚችለው፣ ቢጫው ደከም ያለው። ቱምቢ አንዱን በልክ ሲያሳጥር ቀለም ያለበትን ጫፍ ቆርጦ ጣለው። ክሬኑ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ፎርማኑ የትኛው እንደሆነ ሲጠይቀው «አላውቅም» ማለት ሞት ሆነበት።

«አረንጓዴው ነዋ» አለ።

ብረቱ ወጣ፤ ከንባብ ክፍሉ በላይ ገባ፤ ኮርኒስ ሸፈነው።

ከዓመት በኋላ ታናሽ እህቱ እዚያው ተቀጠረች። ጠረጴዛዋን የት ያስቀምጡላት? ልክ ከዚያ ብረት ሥር! ቱምቢ ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ነው። አንዴ ብርድ ይመታሻል ብሎ፣ አንዴ መብራቱ ዓይንሽን ይጎዳል ብሎ ጥግ እስክትደርስ አስነሳት። እሷም ሚስትህ የቤት ዕቃ አላስነካ ስትልህ እኔ ላይ መጣህ እያለች ትስቅበት ነበር።

ዘንድሮ ከንባብ ክፍሉ በላይ ባለው ፎቅ ላይ አዳዲስ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሊደረደር መሆኑን በደስታ ነገረችው። በማግስቱ ጠዋት ሕንፃውን ያሠራችው መሐንዲስ ቢሮ ገብቶ፣ ተቀመጥ ብትለውም ቆሞ ሁሉን ተናገረ። አልጮኸችበትም፤ ያ ደግሞ ባሰበት። ክፍሉን አዘጋች፣ ከብረቱ ናሙና አስቆርጣ አስፈተነች። ቢጫው ነበር። ከሥሩ ምሰሶ ይቁም ተባለ። ቱምቢ እኔው ልሥራው ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለት፣ ግን ሌላ በያጅ እያንዳንዷን የብየዳ ስፌት እንዲያይበት ተደረገ።

ሲጨርስ እህቱ መጣች። ምሰሶውን በመዳፏ ነካ አደረገችው፤ ከዚያ ግራና ቀኙ የተደረደሩትን የአንባቢ ወንበሮች አየች። ዛሬ ቀልድ የለም።

«ጋሼ፣ እኔን ሁለቴ አስነሳኸኝ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔ ከተነሳሁበት የሚቀመጡትንስ?»

ቱምቢ የብየዳ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አወረደና፣ ያለቀውን ሥራ እንደገና ይፈትሽ ጀመር።