ማማው አልተነቃነቀም

ጀማነህ የተገዛ ዕቃ አይወድም። ኮሎምበስ ከተማ ፎረስት ፓርክ ሰፈር ቤት የገዛ ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቤቱን ባስባረከ ማግስት ጀማነህ ከች ይልና ጠረጴዛውን በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ይኼ እንጨት ነው ወይስ ካርቶን?» ይላል። ሃያ ዓመት የአፓርታማ ሜንቴናንስ ሠርቶ ጡረታ ወጣ እንጂ እጁ ጡረታ አልወጣም። የቤተ ክርስቲያኑ የጫማ መደርደሪያ የእሱ ሥራ ነው። የሟች ወንድሙ ልጅ የብሩክታዊት የእንጨት በረንዳ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሁሉም የእሱ እጅ ነው። ታዲያ ይህ ሰው በ2021 ኦክቶበር ላይ «ግዛ» አለ ቢባል ማን ያምናል? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጎመን ነው። የብሩክታዊት ባል ዘካርያስ በኮቪድ ምክንያት ከቤት ሲሠራ ጊዜ ተርፎት ባክያርዱን ቆፍሮ ጎመን ተከለ። አጋዘኖች ከጫካው እየወጡ አንድ ቅጠል ሳያስቀሩ በሉበት። ሌላ ሰው ቢሆን አጥር ያጥራል። ዘካርያስ ግን ፖላሪስ ሰፈር ባለው ቢሮው አደን የሚወድ የሥራ ባልደረባ ነበረው። በሰውዬው ምክር የአደን ኮርስ ወሰደ፣ ላይሰንስ አወጣ፣ ክሮስቦው የሚሉትን ባለቃታ ቀስት ገዝቶ አረፈው! «በስመ አብ ሳይባል የሞተ ሥጋ ልታበላን ነው?» ሲሉት፣ «ቀስቱን ስለቅ እላለሁ» ይላል። ባልደረባው ከከተማ አርባ ደቂቃ ርቆ ባለው መሬቱ ላይ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ፈቀደለት። አሁን የቀረው ዛፉ ላይ ተቀምጦ አጋዘን የሚጠብቅበት መቀመጫ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ትሪ ስታንድ ይሉታል።

«እርስዎ አገር ማሽላ የሚጠበቅበት ማማ ማለት እኮ ነው ጋሼ» አለው ዘካርያስ፣ ጀማነህ የሚሠራበት ጋራዥ ድረስ መጥቶ። «የብረት ኦንላይን አለ። ግን የእርስዎ እጅ እያለ ምን ቆርጦኝ ብረት እገዛለሁ?»

«ግዛ» አለ ጀማነህ።

«አቤት?»

«የተገዛው ይሻልሃል። ስንት ኪሎ እንደሚችል ተጽፎበታል፤ የደረት ቀበቶ አለው፤ ዋራንቲ አለው። ቢወድቅ የሚጠየቅ ሰው አለው።»

ዘካርያስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጀማነህ አልሳቀም። መዶሻውን ያለቦታው አስቀምጦ ወጣ።

እንግዲህ ሠላሳ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄደን ካላየን ይህ ሰው አይገባንም። ያኔ ጀማነህ ቋራ ቆላ ውስጥ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። በዚያ ዕድሜው ጎጆ የሚያቆም፣ ሞፈር የሚጠርብ፣ ሰው ሁሉ «እጁ ይባረክ» የሚለው። የታላቅ ወንድሙ የፍሥሐ ሚስት አፀደ ወሯ ገብቶ ነበር። ማሽላው አምሮ ነበርና ዝንጀሮና ከርከሮ እንዳይጨርሱት ጀማነህ ለወንድሙ ከፍ ያለ ማማ ሠራለት። እርጥብ እንጨት በእርጥብ ልጥ አሠረ። ነውር የለውም፤ ሁሉም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ግን እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ማሠሪያው ይላላል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ወጥቶ ማጥበቅ የሠሪው ግዴታ ነው።

ፍሥሐ ነግሮታል። «ጀማነህ፣ ይንቀጠቀጣል» ብሎታል።

«ነገ አጠብቀዋለሁ» አለው። በማግስቱ ገበያ ሄደ፤ ከገበያ ሰርግ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሲመለስ፣ ዝንጀሮ ሊያባርር ብድግ ያለው ወንድሙ ከማማው ሥር ጉቶ ላይ ወድቆ ሞቶ አገኘው። ገና ማንም አልደረሰም። ቀና ብሎ ቢያይ የላላው ልጥ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ይጮኻል፤ ደረቱን ይደቃል። ጀማነህ ግን ማማው ላይ ወጣና ማሠሪያውን አጠበቀ። ከዚያ በኋላ ነው ወርዶ የጮኸው።

ሽማግሎች መጡ። ማማውን በአራቱም እግሩ ይዘው ነቀነቁት፤ አልተነቃነቀም። «ከሠሪው አይደለም» ብለው መሰከሩለት። በሠልስቱ አፀደ ሴት ልጅ ወለደች። ያን ጊዜ ነገሩ ለመንደሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። ሰውዬው አልሰከረ፣ አላንቀላፋ፣ ማማው እንደሆነ ጠንካራ፤ እንግዲያ ማን ጣለው? «ገፊ ናት» ተባለ፤ አባቷን ከዚህ ዓለም ገፍታ የመጣች። ቄሱ ብሩክታዊት ብለው አጠመቋት፤ መንደሩ ግን ገፊ እያለ አሳደጋት።

ጀማነህም ሰማ፤ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ኧረ ይነቅዛል! የእሱ ነቅዟል። ሚስት አላገባም። ጦርነት ሲመጣ ልጅቷን ተሸክሞ፣ እናቷን እየመራ ገዳሪፍ ገባ፤ ከስደተኛ ጣቢያ አንሥቶ ኮሎምበስ ድረስ አመጣቸው። አስተማረ፣ ዳረ። «አጎት ማለት እንዲህ ነው!» ይለዋል ያየው ሁሉ። ይህን ሲሉት ተነሥቶ የሚጠገን ዕቃ ይፈልጋል።

ኮቪድ በገባበት ዓመት፣ በዲሴምበር፣ አፀደ ሆስፒታል ገባች። መጠየቅ ክልክል ነበርና ነርሷ በስልክ አገናኘቻቸው። ስልኩን የያዘው ጀማነህ ነው። አፀደ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ልጇን «ገፊ» ብላ አታውቅም። የዚያን ቀን በኦክስጅኑ ጭንብል ውስጥ ሆና፣ «ብሩክቴ፣ በአባትሽ ነገር... ሕፃን ነበርሽ፤ አላወቅሽም። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። እግዜርም ይቅር ይበልሽ» አለች። ብሩክታዊት «እሺ እማዬ» አለች። ጀማነህ ስልኩን ይዞ ቆሞ ነበር። አፉን ቢከፍት ኖሮ አፀደ ትሰማው ነበር። አልከፈተም። በማግስቱ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ያ «ይቅር ብዬሻለሁ» አለቀቀውም። መጋዝ ሲያስነሣ ይሰማዋል፤ መጋዙን ሲያጠፋ ደግሞ ይብስበታል።

ዘካርያስን «ግዛ» ባለው በሳምንቱ እሑድ፣ ብሩክታዊት ከቅዳሴ መልስ ጋራዡ መጣች። ማስኳ አገጯ ላይ ወርዷል፤ ሆዷ ገፍቷል። ከአሥራ አንድ ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣ ልጅ ነው፤ ሰባት ወሯ።

«ጋሽዬ፣ ለዘኪ ሥራለት።»

«የሱቁ ይሻላል ብዬዋለሁ እኮ።»

«የሱቁን ማን እንደሠራው አላውቅም። ያንተን እጅ አውቃለሁ።» ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። «እንዲተወው ለምኜው ነበር፤ ሳቀብኝ። የፈረንጅ አገር ልጅ ሆኗል፣ ገፊ ሲሉት አይገባውም። እኔ ግን ፈራሁ ጋሽዬ። እኔ በአባቴ መጣሁበት። የእኔ ልጅ ደግሞ በአባቱ ቢመጣበትስ? በዘር ቢሆንስ?»

«ኧረ በእመቤቴ! ይኼ የመንደር ወሬ ነው።»

«ወሬ ከሆነ እማዬ ለምን ይቅር አለችኝ?»

ጀማነህ መልሱን ያውቃል። ጥርሱ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው።

«እማዬ ነግራኛለች» አለች፤ «ሽማግሎቹ ነቅንቀውት አልተነቃነቀም። ማማው አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አንተ ሥራለት። ያንተ ከሆነ እኔም እተኛለሁ።»

«እሺ» አለ። ወይ ፈሪ ሰው! እውነቱን ከመናገር «እሺ» ማለት ቀለለው።

ሦስት ሳምንት ሠራ። የጣውላ ዋጋ በዚያ ዓመት ጣሪያ ነክቶ የተገዛው ብረት በግማሽ ይረክስ ነበር፤ እሱ ግን ለአንድ ሰው መቀመጫ የድልድይ ጣውላ ገዛ። በአንድ ቦልት ቦታ ሦስት አደረገ። ጨርሶ ፈታው፤ ደግሞ ገጠመው። ይወጣበታል፣ ይዘልበታል፣ ንቅንቅ አይልም፤ ወርዶ ጀርባውን ሲሰጠው ግን፣ «ጀማነህ፣ ይንቀጠቀጣል» የሚል ድምፅ ይሰማል። የፍሥሐ ድምፅ ነው፤ ያው ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ቁጣ የሌለበት ድምፅ። ዘወር ሲል ጋራዡ ባዶ ነው። ቁጣ ቢኖርበት ምናለ! ጀማነህ የቦልት መፍቻውን አንሥቶ የጠበቀውን ደግሞ ያጠብቃል።

የነቢያት ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ዘካርያስ ዓርብ ዕረፍት ወስዶ ማማውን ጭነው ሄዱ። ከረፋድ ጀምረው ሲገጥሙት ዋሉ። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ጨርሷል። ጀማነህ የመጨረሻውን ቦልት አጥብቆ ወረደ። ዘካርያስ ቀበቶውን ታጥቆ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ቀስቱን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ወደ ጫካው አነጣጠረ። ነፋስ መጣ።

«ጋሼ» አለ ከላይ፣ እየሳቀ፤ «ትንሽ ይንቀጠቀጣል!»

ይንቀጠቀጣላ! ዛፍ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል። የሱቁም ቢሆን እንዲሁ ነው። ይህን ጀማነህ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ደረቁ ቅጠል ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ውረድ» አለ።

«ምን ሆኑ? ደህና ነው እኮ፣ አይዞዎት—»

«ውረድ አልኩህ! ፍሥሐ፣ ውረድ!»

ዘካርያስ በሟች አማቱ ስም ሲጠራ ሳቁ ጠፋ። ወርዶ አነሣውና ደግፎ መኪናው ውስጥ አስገባው። አርባ ደቂቃውን ነድቶ ወደ ራሱ ቤት ይዞት ገባ።

ብሩክታዊት ቤክስሊ ሰፈር ከምታስታምማቸው አሮጊት ቤት ገና መመለሷ ነበር፤ የሥራ ልብሷን አላወለቀችም። ባሏን ደህና ቆሞ ስታየው ትንፋሿ መለስ አለ። ቀጥሎ የአጎቷን ፊት አየች።

«ምን ሆነ?»

«ተቀመጪ» አላት ጀማነህ።

«አልቀመጥም። ምን ሆነ?»

ነገራት። ቆሞ ነገራት። «ነገ አጠብቀዋለሁ» ያለውን፣ ገበያውን፣ ሰርጉን። «አባትሽ ሲወድቅ ማሠሪያው ላልቶ ነበር። ሽማግሎቹ ሳይመጡ ወጥቼ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። እነሱ የነቀነቁት እኔ ያጠበቅሁትን ነው» አለ። «ከገደለው መላላት ይልቅ ያ ማጥበቄ ነው የሚያንገበግበኝ» አለ።

ዘካርያስ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ይጨምቃል። ብሩክታዊት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እኔ አይደለሁማ» አለች።

«አይደለሽም።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ።» ድምጿ አልጨመረም። «ትምህርት ቤት ልጆች አጠገቤ አይቀመጡም ነበር። አንተ ነበርክ የምታደርሰኝ፤ እጄን ይዘህ። ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እማዬ ይቅር ስትለኝ ስልኩን ማን ነበር የያዘው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አድርጌ ነው ይቅር ያለችኝ?»

ጀማነህ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። ያኔ ቋራ የጮኸው ጩኸት ለሰው ነበር፤ ይኼኛው ለማንም አልነበረም። እንድትረግመው ጠበቀ። ብትረግመው ደስ ይለው ነበር፤ ተገላገልኩ ይል ነበር። እሷ ግን የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች።

«ተነሥ።»

«ወዴት?»

«ተነሥ ብዬሃለሁ።»

ዘካርያስ እኔ ልንዳ ቢል በእጇ ከለከለችው። ራሷ ነዳች፤ መሪው ሆዷን ሊነካ ምንም አልቀረው። እናቷ ከተቀበረችበት መካነ መቃብር በር ገብታ፣ አቁማ፣ ወርዳ ቀድማ ሄደች። የአፀደ ድንጋይ ከቆመ ገና ሰባት ወሩ ነው። ከወዲያ በኩል አንድ ሠራተኛ በሞተር ቅጠል እየነፋ ያፀዳል።

«ንገራት» አለች።

ጀማነህ ባርኔጣውን አወለቀ። አጎንብሶ፣ ከሞተሩ ድምፅ በታች፣ ሰው በማይሰማው ቃል፣ «እትዬ አፀደ... ማሠሪያው ላልቶ ነበር» አለ።

«ጮክ በል» አለች ብሩክታዊት። «አልሰማችህም።»