በሩን በወንበር ከፍተው የሚያቆዩት አያቴ

አያቴ በወጣትነታቸው የአሰብ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስብሰባ ሲኖር በሩን በወንበር ደግፈው ክፍት ያደርጉታል። ሹማምንቱ ለሙቀቱ ይመስላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የወደቡ ወዛደሮች ስለ ውኃቸው የሚወሰነውን እንዲሰሙ ብለው ነው።

ከአገር ወጥተን በምንኖርባት በቻምብሊ ከተማ፣ በእድራችን ስብሰባም ይህን አልተዉም። ከበሩ አጠገብ ቆመው ያዳምጣሉ፤ የማይቀመጡት ወገባቸውን ስለሚያማቸው ይመስለኝ ነበር።

“አባባ፣ ኤሲው እኮ እየሠራ ነው፤ ቅዝቃዜው ይወጣል” ስላቸው፣

“ይውጣ፤ ሰው ይግባ” ይሉኛል።

ከቀበርናቸው በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ስብሰባ በሩ ተዘግቶ ነበር። በበሩ መስታወት በኩል አንዲት አዲስ ሴት ልግባ አልግባ እያለች ስታመነታ አየሁ። ተነሥቼ ወንበሬን ወሰድኩና በሩን ደገፍኩበት። እሷ ገባች።

ወደ ቦታዬ ስመለስ መቀመጫ አልነበረኝም። ለካ አያቴ ይቆሙ የነበረው ወገባቸውን አሟቸው አልነበረም።